ያላየሁት የፊልም ጥግ

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ሥራችሁን ፈታችሁ፣ ወንበር ተሸክማችሁ ይህን አዳራሽ ስላሰናዳችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ቆሜ ብናገር ደስ ባለኝ፤ ጉልበቴ ግን እሺ አላለኝም። ተቀምጬ ልናገር ፍቀዱልኝ።

ደክሞኛል። ላሳምረው ብልም አይሆንልኝም። ሠላሳ አንድ ዓመት መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ የሰው ጥርስና መንጋጋ ራጅ ሳነብ ኖርኩ። መጀመሪያ ላይማ ያንን ጨረር የሚከላከል ከባድ የእርሳስ ሽርጥ ለብሼ ራሴው አነሳ፣ ራሴው አነብ ነበር። ትከሻዬ ወድቋል፤ ዓይኔም ከኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል።

ባለቤቴን ብትጠይቋት ሌላ ክስ አላት። "ስታናግረኝ ፊቴን አይደለም፣ መንጋጋዬን ነው የምታየው" ትላለች። ምን ላድርግ? እውነቷን ነው።

ግን እንደኔ ፈገግታ ያየ ማን አለ? ያ ማሽን ጭንቅላት ዙሪያ ዞሮ በሚያወጣው ፊልም ላይ ሰው ሁሉ የሚስቅ ይመስላል። አንዲት እናት የልጇን ፊልም አይታ፣ "ዶክተር፣ ከጠዋት ጀምሮ ሲያለቅስ የዋለው ይኸው ነው? አሁን ምን አስገለፈጠው?" ብላኛለች። እስከ ዛሬ ትዝ ባለኝ ቁጥር እስቃለሁ።

አሁን የክፍላችን ኃላፊ የምስክር ወረቀቱን ሲያነቡ፣ "ሠላሳ አንድ ዓመት ያለ አንዳች ስህተት" ሲሉ ሰማችሁ? እናንተ አጨበጨባችሁ፤ እኔ አንገቴን ደፋሁ። ይህን ቃል ይዤ ቤቴ መግባት አልችልም።

ካርድ ክፍል የምትሠራዋን፣ "እሜቴ ካርድ" የምንላትን እህታችንን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ይኸው ከፊት ተቀምጣለች። የምናገረውን እንድናገር ፈቅዳልኛለች፤ እንዲያውም አዝዛኛለች ብል ይሻላል።

ከሃያ ዓመት በፊት ጥርሷን አመማትና ማዘዣ ይዛ መጣች። ማዘዣው፣ "በቀኝ በኩል የመጨረሻዋ የመንጋጋ ጥርስ ትታይ" ይላል። አየሁ። ጥርሷ ተጋድማለች። አገኘኋት ብዬ ደስ አለኝ፤ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ "ቀጣይ!" አልኩ። የእኛ ሙያ ሰው የሚሳሳተው እንዲህ ነው፤ የታዘዘውን ሲያገኝ ዓይኑ ሥራ ያቆማል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ግራ ጉንጯ አብጦ መጣች። ዕጢ ነበር። ግማሽ መንጋጋዋን ቆርጠው አወጡት። አብጣ በመጣችበት ቀን የድሮውን ፊልም አስወጥቼ መብራቱ ላይ ሰቀልኩት። በግራ በኩል ጥጉ ላይ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ጥቁር ነገር አለች። ያኔ አይቻት ቢሆን ኖሮ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ታልቅ ነበር።

ምን አደረግኩ? ፊልሙን ኤንቨሎፑ ውስጥ መልሼ ዝም አልኩ። ፈራሁ፣ አፈርኩ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከዚያ ወዲህ ነው ከጥግ ማየት የጀመርኩት። "ዶክተር፣ ለአንዲት ጥርስ ግማሽ ሰዓት!" እያላችሁ ስታማርሩኝ፣ የታዘዝኩትን ጥርስ መጨረሻ የማየው ለዚህ ነበር። እናንተ ጥንቃቄ አላችሁት። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ በተነሳነው የጋራ ፎቶ ሁሉ እጇ አፏ ላይ ነው።

ትናንት ካርድ ክፍል ገባሁና፣ "አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር" አልኳት። ሳልጨርስ መሳቢያዋን ከፍታ ያንን ፊልም ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

"ከየት አመጣሽው?"

"ፋይል የማስቀምጠው እኔ አይደለሁ እንዴ? ከቀዶ ሕክምናው ተመልሼ ሥራ ስገባ መጀመሪያ ያወጣሁት የራሴን ነው። ኤንቨሎፑ ላይ እርስዎ ያስወጡበት ቀንና ፊርማዎ አለበት። ያቺን ጥቁር ነገር ለማየት ደግሞ ዶክተር መሆን አያስፈልግም።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"እስኪነግሩኝ ነዋ! ዛሬ ይነግሩኛል፣ ነገ ይነግሩኛል ስል አሥራ ስምንት ዓመት ሞላኝ።"

"ይቅር ትይኛለሽ?"

"እሱን አላውቅም። ነገ በሰው ፊት ይናገሩት፤ እኔ ከፊት እቀመጣለሁ" አለችኝ።

እህቴ፣ ይኸው ተናገርኩ። ጥፋቱም የኔ ነው፤ ዝምታውም የኔ ነው።

ክቡር ኃላፊያችን፣ ያቺን መስመር ከወረቀቱ ላይ ይሰርዙልኝ። ፊልሙን ደግሞ እሷ ፈቅዳለች፤ ስሟ ይሸፈንና ማንበቢያ ክፍሉ ውስጥ ይሰቀል። አዲስ የሚመጣ ሐኪም መጀመሪያ እሱን ያንብብ።

እናንተን ዓይናችሁን ይባርክላችሁ። እጃችሁ አይንቀጥቀጥ፣ ልባችሁ አይቸኩል። ስትሳሳቱም በዚያው ቀን የምትናገሩበት አንደበት ይስጣችሁ። የልጆቻችሁን ወግ ማዕረግ ያሳያችሁ። ጥርሳችሁንም ፈጣሪ ይጠብቅላችሁ፤ ከእንግዲህ እኔ አላይላችሁም።

አንቺ ደግሞ፣ እህቴ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ስለ ይቅርታው አትቸኩይ። ቤቴን ታውቂዋለሽ። አሥራ ስምንት ዓመት ጠብቀሽኛል፤ አሁን ተራው የኔ ነው፣ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።