ታብሌቷና የድንበሩ ምስክር

ላፕቶፕ የለኝም፤ የጂንካው ቢሮዬ በሙሉ ያለው ታብሌቴ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ለይዞታ ደብተር የአንድ አዛውንት ማሳ ልለካ ካኮ ወደምትባል ቦታ ሄድኩ። ሥራው ቀላል ነው፤ ታብሌቷን ይዤ ድንበሩን ስዞር አፑ ራሱ ካርታውን ያወጣል። አሥር እርምጃ ሳልሄድ አዛውንቱ ክንዴን ያዙኝ። «ልጄ፣ ድንበር ያለ ጎረቤት አይዞርም!» ብለው ጎረቤታቸውን አስጠሩ። ሦስታችንም ዞርን።

ሲያልቅ ካርታውን አሳየኋቸው። ትክ ብለው አይተው «የጎረቤቴ ስም የታለ?» አሉኝ።

«አባባ፣ አፑ የምስክር ቦታ የለውም።»

«ታዲያ ነገ ልጆቻችን ቢጣሉ ማን ሊመሰክር ነው? ይቺ?» አሉ ታብሌቷን እየጠቆሙ።

ይህን እንዳሉ ስክሪኑ ጨለመ። ከጠዋት ጀምሮ ስትሠራ የዋለችው ታብሌት ባትሪዋን ጨርሳለች። እስክሪብቶዬን አወጣሁና የጎረቤትየውን ስም መዳፌ ላይ ጻፍኩ።