የጌጤ ሰማንያ ቀን

አበራሽ ወንፊቱን ከፍ አድርጋ ሊቀመንበሩ ላይ እየጮኸች ሳለ ፋጤ ከኋላዋ መጥታ ክንዷን ያዘቻት። በመካነ ኢየሱስ የእህል መጋዘን የምሳ ሰዓት ነበር። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር በሩ አጠገብ ጆንያ ላይ ተቀምጦ፣ አንድ ወረቀት ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው ያነብ ነበር። ፋጤ አበራሽን ታባብላት ጀመር፦

በቃ አበራሽ። ወንፊቱን አስቀምጪው። ሰው በወንፊት አይመታም፤ ወንፊት የመንግሥት ንብረት ነው፣ ቢቀደድ ማን ይጠየቅበታል? ነይ እዚህ ጥላው ውስጥ ተቀመጪ። ስለ ሌላ ነገር እናውራ። ይህን ደመና አየሽው? አጨዳው ሳያልቅ ከዘነበ ለገብሱ ጥሩ አይደለም። ባለቤቴ ሀሚድ ትናንት ማታ ገባ፤ መንገዱ ጭቃ ሆኖ አህያዋ ሁለት ጊዜ ተኝታበታለች። ዘንድሮ ጨው ይዞ እስከ ስማዳ ዘልቆ ነበር። ጨውም ተሸጠለት፣ ወሬም ይዞልኝ መጣ። ልንገርሽ? የስማዳ ወሬ ነው እንግዲህ፣ የኛን አገር ሰው አይመለከትም። እዚያ በሩ አጠገብ በሥራ የተያዘ ሰው አለ፤ እንዳንረብሸው ዝቅ አድርጌ ነው የምነግርሽ። ይሰማሻል? አይሰማሽም? እንግዲያው ትንሽ ልጨምርልሽ።

ስማዳ ውስጥ እንደኛው ሴቶች እህል የሚያበጥሩበት መጋዘን አለ አሉ። አንድ ቀን የሠራተኛ ማኅበር አቋቁሙ፣ ሊቀመንበርም ምረጡ ተባሉ። ሴቶቹ ማንን እንምረጥ ብለው መከሩ። ከመሀላቸው አንዷ ተናጋሪ፣ እንዳንቺ ያለች ናት፣ ተነስታ ምን አለች መሰለሽ? «ከገዛ ወንድሙ ጋር በአንድ ጥማድ መሬት ሰባት ዓመት የተሟገተ ሰው አለን። ደብረ ታቦር እየተመላለሰ ሦስት ዳኛ አሰልችቷል። ለአንድ ጥማድ ይህን ያህል ከታገለ፣ ለኛ ለሃያ ሴቶችማ ምን ያደርግ ይሆን?» አለች። እውነቷን ነው። እጅ አውጡ ሲባል ያላወጣ የለም። እኔ እንኳ ሁለቱንም እጄን… ስማዳዎቹ፣ ሁለት ሁለት እጃቸውን አወጡ አሉ።

ተሳሳቱ ትያለሽ? እኔ አላልኩም። ሰውየው ለሙግት የተፈጠረ ነው። መሬቱ የራሱ ነበር እንጂ… ይህን ደግሞ በምርጫ ቀን ማን ያስበዋል?

ሰውየው ስል ከአፌ አመለጠኝ፤ እሳቸው። ደብረ ታቦር ሦስት ቀን ሰሚናር ተቀምጠው ከመጡ ወዲህ አንቱ ሆነዋል። ሲሄዱ «ሥራ አስኪያጁ በደለን» ይሉ ነበር። ሲመለሱ «ሥራ አስኪያጁና እኛ» አሉ። በሦስት ቀን። የኛ ልጆች አራት ዓመት ተምረው ይህን ያህል አይለወጡም። የማኅበሩን ማኅተም ደግሞ በመሐረብ ቋጥረው በደረት ኪሳቸው ነው የሚይዙት፤ ሲተኙም አይለያቸውም ይባላል። ታማኝ ሰው ናቸው። ለማን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

ምናቸው ይነቀፋል? አነጋገራቸው እንደሆነ ማር ነው። አንድ ቀን የምሳ ሰዓታችን አጠረ ብለው ሊናገሩልን… ሊናገሩላቸው ተነሱ። ስለ ዓለም ወዛደር ጀመሩ። ስንት አገር ዞሩ መሰለሽ። ተናግረው ሲጨርሱ የምሳ ሰዓቱ አለቀ። ሴቶቹ ቆሎአቸውን እንደያዙ ወደ ሥራ ገቡ። ግን አጨበጨቡ። እጃቸውን ቆሎ ሞልቶት ስለነበር ጥሩ አልተሰማም እንጂ።

የስማዳዎቹም ጌጤ የምትባል አበጣሪ አለቻቸው። ምን ያስገርምሻል? ጌጤ በየቀበሌው የሞላ ስም አይደለም? የሷም ባል ዋለ ይባላል፤ እሱም ጆንያ ተሸክሞ ወድቆ ወገቡ ከተጎዳ ዓመት ሆኖታል። ቤቱን ያቆመው የሷ ወንፊት ብቻ ነው። ታዲያ ጌጤ ወለደች። ሴት ልጅ። በናንተ ደንብ ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሳው፣ አይደል? ሕጉ ደግሞ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው አርባ አምስት ቀን ነው አሉ። እንጃ፣ ሕጉን የጻፈው ሰው ወንድ ወንድ ብቻ ሳይወለድለት አይቀርም። ጌጤ ጨነቃትና በአርባ አምስተኛው ቀን ሥራ ልግባ ወይ ብላ ሊቀመንበሩ ጋ ላከች። እሳቸው ምን አደረጉ? መልስ መላክ ንቀት ይሆናል ብለው በእግራቸው አራስ ቤት ድረስ ሄዱ። ገንፎውን ቀመሱ። ጎድጓዳውን ሳህን ጠራርገው ከጨረሱ በኋላ «ልጅሽን ክርስትና ሳታስነሺ ወዴት ትወጫለሽ? አይዞሽ፣ እኔ አለሁ» አሏት።

ዋሹ? አልዋሹም። ይኸው አሉ። ማን የሉም አለ?

ክርስትናው ዕለት ከቄሱ ቀድመው የደረሱ እሳቸው ናቸው። ጌጤ ለኛ ለእስላሞቹ ለብቻ በግ አሳርዳ፣ ለብቻ ጎጆ አስተናግዳናለች… አዎ፣ እኔም ለእንግድነት ስማዳ ሄጄ ነበር፤ አልነገርኩሽም? እሳቸው በክርስቲያኑ ማዕድ ሁለት ጊዜ ቀረቡ። ወደኛም ጎጆ አንገታቸውን አስግገው አይቻለሁ። ሃይማኖት ከለከላቸው። ሃይማኖት ጥሩ ነው፣ የሆነ ቦታ ላይ ሰውን ያስቆማል።

በሰማንያ አንደኛው ቀን ጌጤ ሥራ ልትገባ ስትመጣ ዘበኛው በር ላይ አስቆማት። «ሥራ ጥለሽ ጠፍተሻል» አላት። ጠፍተሻል! ሊቀመንበሩ ጠላዋን ሲጠጡ ታዲያ ማን ነበረች የቀዳችላቸው?

አሁን ሥራ አስኪያጁ ወረቀት ጽፏል። «ያለ ፈቃድ ቀርታለች፣ ትሰናበት፣ ማኅበሩም ተስማምቷል» ይላል። የቀረው ማኅተም ብቻ ነው። ካረፈበት፣ ከሰዓት በኋላ እህል ጭኖ በሚሄደው መኪና ደብረ ታቦር ይገባል፤ ጌጤም አበቃላት። ካላረፈበት ሥራ አስኪያጁ ብቻውን አያሰናብታትም። የስማዳውን ወረቀት ነው የምልሽ። እዚህ ስላለው ወረቀት እኔ ምን አውቃለሁ? መሠረተ ትምህርት ጨርሻለሁ፤ ግን ተዘቅዝቆ የተያዘ ጽሑፍ ማንበብ አላስተማሩንም። ተዘቅዝቆ ይህን ያህል ጊዜ ማንበብ የሚችል ሰው ሳይ ቅናት ነው የሚይዘኝ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይሉ የለ? የስማዳዎቹ ድር አብሯል፣ ምንም አይወጣለትም። ያሰረው የፈተለችውን ሴት ሆነ እንጂ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚሉትም ለሌላ ሰው ነው፤ እሳቸውን የሚቆጫቸው ነገር የለም። እንዴት ያለ ጤና ነው።

አሁን ምን አስለቀሰሽ? እኔ ስለ ሰው ክፉ ተናገርኩ? በይ ዓይንሽን ጥረጊ፣ ሰዓቱ ደርሷል። ግን ሰውን አንስቶ ሳይመርቁ መነሳት ነውር ነው። እጅሽን ዘርጊ። እኔ በኔ ደንብ እመርቃለሁ፣ አንቺ በራስሽ አሜን በዪ።

አላህ ለስማዳው ሊቀመንበር ረጅም ዕድሜ ይስጣቸው። ሹመት በሹመት ላይ ይጨምርላቸው። ሦስት ሴት ልጆች አሏቸው አሉ፣ እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚያዩአቸው። አላህ ያሳድግላቸው። ለወግ ለማዕረግ ይብቁ፣ ጥሩ ባል ይግጠማቸው። ሥራም አይጡ፣ እንዲህ ያለ ሰፊ መጋዘን ይቀጠሩ። ወልደው አራስ ቤት የተኙ ለታ ደግሞ… አላህ ልክ አባታቸውን የመሰለ ሊቀመንበር ይስጣቸው። አሚን በዪ እንጂ፣ ልጄ።

አበራሽ አሚን አላለችም። ሊቀመንበሩ ከጆንያው ላይ ተነሳ። ወረቀቱ ከጉልበቱ ወደቀ፤ ጎንበስ ብሎ አየውና አላነሳውም። በደረት ኪሱ ያለውን ቋጠሮ በመዳፉ ሸፍኖ፣ መኪናው የሚጫንበትን በር ትቶ በኋላው በር ወጣ።