የሚያነባው የናስ ዓይን

ሽማግሌው አናጢ ኒባራን በዚያ ጭጋጋማ ማለዳ ወደ ወንዙ አፍ የወረዱት ማዕበል የጣለው እንጨት ካለ ብለው ነበር። ያገኙት ግን ጭቃው ላይ የተጋደመ የጀልባ አፍንጫ ነው። ባሕሩ የበኩር ልጃቸውን ጎፓልን ከነጀልባው ውጦ፣ አሁን ስባሪዋን ተፋው። ጀልባ መንገዷን እንድታይ በሚል ልማድ በገዛ እጃቸው የመቱባት የናስ ዓይን አፍጥጦባቸዋል፤ ከሥሩም ቀይ እንባ ወርዷል። እየጮሁ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

"አጎቴ፣ ምነው በደህና?" አለች ከኋላቸው የደረሰችው የወንድማቸው ልጅ ማላቲ። ከተማ የሙያ ትምህርት ቤት ተምራ ገና መመለሷ ነው።

"ታለቅሳለች፣ አታያትም? ልጄን በልታ ታለቅሳለች!"

"ዝገት ነው እኮ፣ አጎቴ።"

"ድንቄም ትምህርት! የጎረቤታችን የፎኒም ጀልባ ከመስጠሟ በፊት አነባች፤ የጎፓልም አነባች። ዝገት ሟቹን ለይቶ ያውቃል?"

እውነቱን ለመናገር ማላቲም ፈራች። ትምህርት ፍርሃትን ከሥሩ አይነቅልም፤ ቢሆንም ፈርቶ ከመሸሽ ጠይቆ መፍራት ይሻላል።

"ሳንቃውን በምን መቱት?"

"በብረት ሚስማር ነዋ! አያቶቼም በሱ ነው የመቱት።"

"አያቶቻችን የሚቀዝፉት ወንዝ ላይ ነበር። የእርስዎ ጀልባ ጨው ውኃ ትገባለች። እዚያ ናስና ብረት ጎን ለጎን ከዋሉ ናሱ ብረቱን ቶሎ ይበላዋል፤ ቀዩ እንባም የሚስማሩ ዝገት ነው። ሚስማሩ ሲያልቅ ሳንቃው ይከፈታል።"

"አፍሽን ያዢ! ነገ ለታናሹ ለሱባል ጀልባ ዓይን እመታለሁ። ልጄን ዕውር ጀልባ ላይ አሳፍሬ ልስደደው?"

"እንግዲያው ከዚህ ዓይን ሥር ያለውን ሚስማር ይንቀሉና የሱባልን ጀልባ ዓይን በሱ ይምቱ።"

በቁጣ ሳቡት። እሾህ አክሎ ወጣና በጣታቸው መሐል ተፈረፈረ። ከዓይኑ ራቅ ያለውን ሞከሩ፤ እሱ ወፍራም ነው፣ ንቅንቅም አላለ። ሽማግሌው ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ።

"እኔ ነኛ... ልጄን።"

"አላወቁም ነበር፣ አጎቴ። ዛሬ ግን አወቁ።"

የሱባል ጀልባ ዝገት በሚከላከል ዚንክ በተለበጠ ሚስማር ተመታች፤ ዓይኗም በቀለም ተሳለ። ቀለም ብረት አይበላም። የመንደሩ ዓሣ አጥማጆች ግን የናስ ዓይን የሌላትን ጀልባ ዕውር እያሉ አሾፉባት። ማዕበሉ በመጣ ጊዜ አፍንጫዋ ሳይከፈት፣ ሱባልም ዓሣውን ጭኖ በሰላም ገባ። ያን ጊዜ ሲያሾፉ የነበሩት ሁሉ የናስ ዓይናቸውን ለማስነቀል ተሰለፉ።

ከመካከላቸው አንዱ፣ "ኒባራን፣ ዕውር ጀልባ መሥራት ጀመርክ አሉ" ቢላቸው፣ ከሚነቅሉት ዓይን ላይ ቀና ሳይሉ መለሱለት፦

"ዕውሩስ እኔ ነበርኩ።"