የጫማ ሰፊው ሚስት እግር

የጫማ ሰፊው የእህት ልጅ ወደ ሱቁ የገባችው ተረከዙ የተነቀለ ጫማዋን አንጠልጥላ ነበር። የወገብ ሕሙማንን በአካል እንቅስቃሴ የምታክም የተማረች ወጣት ናት። ገና ሳትቀመጥ ዓይኗ በመሥሪያው ጠረጴዛ ላይ በነበረ ጥቁር ጫማ ላይ ዐረፈ።

«አጎቴ፣ ይህ የማን ነው?»

«የሚስቴ ነዋ። ቀኑን ሙሉ ቆማ የሰው ልብስ ስትተኩስ ሶሉን ጨረሰችው። ወገቧማ ሥራ ሲያይ ብቻ ነው የሚታመመው!»

ይህችኑ ቀልድ ጠዋት በጎረቤት ፊት ተናግሯት፣ ሚስቱ አንገቷን ደፍታ ወጥታ ነበር።

ወጣቷ አልሳቀችም። ጫማውን ገለበጠችው። «ይመልከቱ፤ የውጪው ጠርዝ እንዳለ ነው፣ የውስጡ ግን ሙልጭ ብሎ አልቋል። የእትዬ እግር ወደ ውስጥ ያዘነብላል።»

«ታዲያ ወገብ ምን አገባው? እግር ታች፣ ወገብ ላይ!»

«ይህ ጠረጴዛ ሲነቃነቅብዎ ምን ያደርጋሉ?»

«እግሩ ሥር ቆዳ አስገባለሁ።»

«ላዩን አይጠግኑም?»

ጫማ ሰፊው ጎንበስ ብሎ የጠረጴዛውን እግር አየ።

«ቁርጭምጭሚት ሲያዘነብል ጉልበት አብሮ ይዞራል፣ ዳሌ ይዛባል፣ ጫናው ወገብ ላይ ያርፋል። የወገብ ሕመም ሁሉ ከእግር ይመጣል አልልም፤ መንሥኤው ብዙ ነው። ቆሞ ለሚውል ሰው ግን አንዱ ይህ ነው። ለመሆኑ ጫማው ልካቸው ነው?»

ጫማ ሰፊው ጫማውን ከእጇ ወሰደ። ጫማው አንዲት ደንበኛ አሠርታ ሳትወስደው የቀረችው ነው። ከዚያ በፊት የነበረውም እንዲሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሚስቱን እግር አንድ ቀን እንኳ ለክቶ አያውቅም። ያንኑ የተበላ ጎን ግን በየዓመቱ በገዛ እጁ ሞልቶ መልሶላታል። ሶል አይቶ የሰውን አረማመድ እናገራለሁ እያለ የሚኩራራ ሰው! ፊቱ በእፍረት ጋለ።

«ሰነፍ ብያታለሁ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ለእኔ ሳይሆን ለእርሳቸው ይንገሩ።»

ሚስቱ ለምሳ ስትመጣ፣ ሜትር ይዞ ተንበርክኮ አገኘችው።

«ዛሬስ ደንበኛ ሆንኩ እንዴ?»

«እግርሽን ስጪኝ። ጠዋት ያልኩትንም… በድዬሻለሁ።»

«ያልከው በጎረቤት ፊት ነው።»

ተነሣ። ወንበሩን ወደ ደጃፉ አውጥቶ አስቀመጣት፤ መንገደኛውም ጎረቤቱም እያየው ተንበርክኮ ሁለቱንም እግሮቿን ለካ፣ ይቅርታም ጠየቃት።

በልኳ የተሰፋው ጫማ፣ የእግሯን መሐል የሚደግፍ ቆዳ ገባለት፤ ወጣቷም እግርና ወገብ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ አስተማረቻት። በሁለት ወር ውስጥ ሕመሙ ፈጽሞ ባይጠፋም ቀለለ፤ ሥራዋን ሳታቃስት መዋል ቻለች። ጫማ ሰፊውም ዛሬ ደንበኛውን ስለ ቀለሙ ከመጠየቁ በፊት «እስቲ ቁም» ብሎ እግሩን ያያል።

ያቺን ቀልድ ግን ጎረቤቶቹ አልረሷትም። ባነሷት ቁጥር መዶሻውን ያነሣና፣ አንገቱን ደፍቶ የሌለ ምስማር ይመታል።