ጠርቶ መምታት

ንዴቴ ገና አልበረደልኝም፤ ስለዚህ ጮክ ብዬ ባወራ አትቀየሙኝ። ነገሩ የጀመረው ፖስታ ቤት በር ላይ ነው። እኔ የአያቴን የአባባን ደብዳቤዎች ይዤ ልወጣ፣ እትዬ ሎርና ሊገቡ ሲሉ ተገጣጠምን። እትዬ ሎርና ከአጥራችን ማዶ በግ የሚያረቡ ጎረቤታችን ናቸው። ሚያዝያ ስለሆነ በጎቻቸው የሚወልዱበት ሰሞን ነው። እንቅልፍ ካዩ የቆዩ ይመስላሉ፤ ዓይናቸው ቀልቷል፣ እጅጌያቸው ላይ የደረቀ ደም አለ።

«ብሪታ» አሉኝ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «የአያትሽ ውሻ ዛሬ ጠዋት በጎቼ መሃል ነበር።»

«ታከር?»

«ሌላ ውሻ አላችሁ እንዴ? እርጉዞቹን ከጥግ ጥግ ሲያዋክባቸው ነበር። አንዷ ጨነገፈች። መንታ ነበሩ።»

«ነከሳቸው?»

«አልነከሰም። ለእሱ ጨዋታ ነው። ስሚኝ የኔ ልጅ፣ ጋሽ ኦርሊንን አከብራቸዋለሁ። ዛሬ ጠብመንጃዬን ያላነሳሁት ለሳቸው ብዬ ነው። ሁለተኛ ካየሁት ግን ስልክም አልደውል፣ ፖስታ ቤትም አልጠብቅሽ። ንገሪያቸው።»

ምን እላለሁ? ሴትየዋ እውነታቸውን ነው። እኛ አገር በግ የሚያዋክብ ውሻ ይገደላል፤ ማንም ማንንም አይቀየምም። እንደውም ጨዋ የሚባለው ሰው ጎረቤቱን አያስቸግርም፣ የራሱን ውሻ ራሱ ይገድላል። ይሄን ጨዋነት የሚሉትን ነገር ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስሰማ ኖሬያለሁ። ውሻው ተጠርቶ ለምን እንዳልመጣ የጠየቀ ሰው ግን አንድም አልሰማሁም። ደሜ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው።

ቤት ስደርስ አባባ ትራክተሩ ሥር ገብተው ፊልትሮ ይቀይራሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ብደብቅና እትዬ ሎርና ቢተኩሱበት ጥፋቱ የኔም ይሆናል። ወጡ፣ እጃቸውን በጨርቅ ቀስ ብለው ጠረጉ፣ ወደ ቤት ገቡ። ሲመለሱ ጠብመንጃውን ይዘዋል።

«ምን ሊያደርጉ ነው አባባ?»

«የሚደረገውን።»

«ዛሬ አንድ ቀን ቢያጠፋ…»

«የዛሬ ብቻ መሰለሽ? ባለፈውም አጥሩን ዘሎ ሲሄድ ስጠራው ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ውሻ ሰምቶ ካልመጣ ውሻ አይደለም፣ ሽፍታ ነው። ሎርና በኔ ውሻ ኃጢአት እንድትገባ አልፈልግም። የራሴን ቆሻሻ ራሴ እጠርጋለሁ።»

«ቆሻሻ ሆነ እንግዲህ ዛሬ። ትናንት ፒክአፑ ላይ አጠገብዎ አስቀምጠው ዶናት ሲያካፍሉት የነበረው ማን ነው?»

«ምላስሽን ሰብስቢ።»

አባባ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይሄንን ልብ በሉልኝ። እናቴ ትታኝ ስትሄድ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ክፉ ቢሆኑማ ጥዬ እሄድ ነበር። የሚያናድደው ደግ ሆነው እያለ ይሄን ማድረጋቸው ነው።

ታከር ግቢው መሃል ጋደም ብሎ ፀሐይ ይሞቃል። አባባ ጉሮሯቸውን ጠርገው ተጣሩ። «ታከር። ና።»

ውሻው ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥፎ ተነሳ፤ አያቸው፤ ከዚያ በሆዱ እየተሳበ የድርቆሽ ጋሪው ሥር ገባ።

«ና አልኩህ አንተ የማትረባ።»

ይባስ ብሎ ከናፍጣው በርሜል ኋላ ተወሸቀ። ናፍጣ ላይ አይተኮስ። አባባ ቆመው አሰቡ፣ አሰቡና ወደኔ ዞሩ።

«አንቺ ጥሪው። ላንቺ ይመጣል።»

እውነት ነው፣ ለኔ ይመጣል። ጠርቼው ያልመጣበት ቀን የለም። ምን እንደጠየቁኝ ገባኝ።

«አልጠራም።»

«ብሪታ።»

«አልጠራም አባባ። እኔ ስጠራው የሚመጣው ከኔ ዘንድ ክፉ ነገር አግኝቶት ስለማያውቅ ነው። ና ስለው ቃል መግባቴ ነው። እርስዎ እየጠሩ ሲመቱት ኖረው የራስዎን ቃል አበላሹት። አሁን ደግሞ የኔን ሊዋሱኝ ነው? ጠርቼ ላስገድለው?»

«ያለ ጥፋቱ መትቼው አላውቅም።»

«ትናንት ጥንቸል ሲያባርር ጠሩት። ደጋግመው ጠሩት። ዘገየ፣ ግን በመጨረሻ መጣ። ሲመጣ ምን አደረጉት?»

«በጎማዋ አቀመስኩት። ስለዘገየ።»

ጎማዋ ማለት ከአሮጌ የውሃ ቱቦ የተቆረጠች ናት፤ ከፒክአፑ ወንበር ኋላ ነው የምትቀመጠው። በኛ መንገድ ላይ ካሉት ፒክአፖች ጎማ የሌለው አንድም አይገኝም።

«ውሻ ሰዓት አስሯል እንዴ አባባ? መዘግየት የሚባል ነገር አያውቅም። እሱ የሚያውቀው መጨረሻ ላይ ያደረገውን ነው። መጨረሻ ላይ ያደረገው ደግሞ መምጣት ነው። የገረፉት በመምጣቱ ነው።»

«ጥፋቱንማ ያውቃታል። አላየሽም ጭራውን ቆልፎ ሲሳብ? ንጹሕ ቢሆን ለምን ይሳባል?»

«ጎማዋን አስታውሶ ነው። እኔም ብሆን በሆዴ ነው የምሳብልዎት።»

ከንፈራቸው ትንሽ እንቅስቅስ አለ። ሳቅ እንዳይመስልባቸው ቶሎ ኮስተር አሉ።

«ታዲያ ሲመጣ ምን ላድርገው፣ ልሳመው?»

«አዎ። ቋንጣም ያጉርሱት።»

«በጉቦ የሚመጣ ውሻ ምን ውሻ ይባላል?»

«እርስዎ ቅዳሜ ቅዳሜ ዶሪስ ካፌ የሚሄዱት ፓይ ኬኳ ስለሚጥምዎት ነው ወይስ ዶሪስ በር ላይ ጠብቃ በመጥበሻ ስለምትልዎት?»

«እኔ ሰው ነኝ።»

«እሱ ደግሞ ከርስዎ የበለጠ ሆዳም ነው። ስለዚህ ይቀላል።»

አያችሁ፣ እኔ ባለፈው ሰኔ ትምህርቴን ከጨረስኩ ጀምሮ ከተማ ያለው የእንስሳት ሐኪም ቤት ነው የምሠራው። እዚያ ውሻ የምታሠለጥን ሴት አለች፣ እኔ እረዳታለሁ። ሰው እያየሁ ነው የምውለው። ውሻውን ይለቀዋል፣ ውሻው ደስ ብሎት ይሮጣል፣ ሰውየው የሚጠራው ወይ ሊያስረው ወይ ሊመታው ነው። ከዚያ ውሻዬ አይሰማኝም ብሎ ያለቅሳል። እንዴት ይስማህ? አንተ ብትሆን ትመጣ ነበር?

ይሄን ለአባባ ስነግራቸው እጃቸውን አወናጨፉ።

«እነዚያ የከተማ ውሾች ናቸው። ሶፋ ላይ የሚተኙ።»

«ሲጠሩ ግን ይመጣሉ። መጀመሪያ በረጅም ገመድ ይለመዳሉ፣ ከዚያ…»

«በምን?» ድምፃቸው ከፍ አለ። «የኛ የስኮግ ቤት ውሻ በገመድ? የአባቴ ውሾች ገመድ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ነው የሞቱት። ፒክአፕ ላይ ሳይታሰሩ ቆመው ነው የሚሄዱት። ካፌ የሚውሉት እነ ዌንደል ውሻ እንደ ፍየል ስጎትት ቢያዩኝ ምን ይሉኛል?»

በቃ። እዚህ ላይ ትዕግስቴ አለቀ።

«እንግዲያው ታከርን የሚገድሉት ለእትዬ ሎርና በጎች ብለው አይደለም። ዌንደል እንዳይስቅብዎት ነው። ይሄንን ይንገሩኝና እኔም ልወቀው። ያባትዎ ውሾች ገመድ ሳያውቁ ሞቱ አሉኝ፤ ከነሱ ውስጥ በዕድሜው የሞተ አለ?»

አባባ ፊታቸውን ወደ ጎተራው አዞሩ። ነፋሱ የጎተራውን በር ያንኳኳል። እኔ ቀጠልኩ።

«እሺ ፈረስ እንውሰድ። በዚህ አውራጃ እንደርስዎ ውርንጭላ የሚገራ የለም ይባላል። አንድ ውርንጭላ ሜዳ ላይ ሆኖ ጠርተውት፣ ዘግይቶ ዘግይቶ አጠገብዎ ቢደርስ፣ በልጓሙ ፊቱን ይሉታል?»

«አብደሻል እንዴ? ሁለተኛ ማን ሊይዘው?»

ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው የሰሙት። አያቴ የተናገሩትን ነገር ራሳቸው ሲሰሙት አየኋቸው።  የጠብመንጃው አፈሙዝ ቀስ ብሎ ወደ መሬት ወረደ።

«ሲገሩትስ» አልኩ፣ አሁን ቀስ ብዬ፣ «መጀመሪያውኑ ለቀውት ነው?»

«በረጅም ገመድ ነው። ክብ በረት ውስጥ።» በርሜሉ ኋላ ወዳለው ውሻ እያዩ ነው። «ወዳንቺ በዞረ ቁጥር ገመዱን ታላያለሽ። አንገቱን ታሻሽዋለሽ።» ቆዩና፣ «ሮውዲ የሚባል ነበረኝ። አንቺ ሳትወለጂ። ብልህ ውሻ ነበር፣ ግን ስጠራው ይሸሽ ነበር።»

ምን እንዳደረጉት አልጠየቅኩም።

«እሱም… ይመጣ ነበር ትያለሽ?»

አይ አባባ፣ እሱስ የባሰበት ነበር ብል ይቀልላቸው ነበር። አላልኩም።

«ይመጣ ነበር አባባ።»

ጥይቱን አውጥተው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ «ነይ፣ ሎርና ጋ እንሂድ» አሉ።

እትዬ ሎርና በረት ውስጥ እናቱ የሞተችበትን ግልገል በጡጦ እያጠቡ ነበር። አባባ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ሎርና፣ የሞቱብሽን መመለስ አልችልም። ለጠፋው እኔ እከፍላለሁ። ጥፋቱ ግን የውሻው አይደለም፣ የኔ ነው። እስከዛሬ ስጠራው እየመታሁ እንዳይመጣ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ላስተካክለው ጊዜ ስጪኝ።»

እትዬ ሎርና አተኩረው አዩዋቸው። «ጋሽ ኦርሊን፣ ይሄን ያስተማረችዎት ይህቺ ናት?»

«ሰደበችኝ ብል ይሻላል።»

«በጎቼ ወልደው እስኪጨርሱ ያለ ገመድ አንዲት እግሩን ቢያነሳ እተኩሳለሁ። ከዚያ በኋላ ደግሞ እፊቴ ፈተው ያሳዩኛል። ወሬ አልፈልግም፣ በዓይኔ ነው የማየው።»

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። መጀመሪያ ጎማዋ ተጣለች። ቀጥሎ ና የሚለው ቃል ተጣለ፤ ለታከር ና ማለት ዱላ ማለት ስለሆነ ያንን ማጠብ አይቻልም፣ አዲስ ጥሪ ያስፈልጋል። አባባ በጥርሳቸው መሃል ማፏጨት ይችላሉ፣ ፉጨቷን ያዝን። ያፏጫሉ፣ ያጎርሱታል። ጓዳ ውስጥ፣ በረንዳ ላይ፣ ከዚያ ሜዳው ላይ በከብት መያዣው ረጅም ገመድ። ሲመጣ ጎርሶ እንደገና ይለቀቃል፤ መምጣት የጨዋታ ማብቂያ እንዳይመስለው። የማይመጣ ከመሰላቸው አያፏጩም፣ ገመዱን ይዘው ራሳቸው ሄደው ያመጡታል። አንድ ጥሪ፣ አንድ ብቻ። ደጋግሞ መጥራት የመጀመሪያውን ጥሪ ጫጫታ ያደርገዋል።

ቀላል ነበር እንዳልላችሁ። አንዳንዴ እጃቸው በልማድ ይነሳል፤ ታከር መሬት ይለጠፋል፤ እኔ እጮሃለሁ፤ እሳቸው ይጮሃሉ፤ የዕለቱ ሥራ ይበላሻል። ካፌው በር ላይ ዌንደል፣ «ኦርሊን፣ አንተ ነህ እሱን የምታንሸራሽረው ወይስ እሱ አንተን?» ብሏቸዋል። አባባም፣ «ያንተን ከዚያ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጥራውና እንየው» አሉት። ዌንደል ጮሆ ጮሆ ድምፁ ተዘጋ። ውሻው ከገንዳው ያወጣውን አጥንት ይዞ ወደ ባንኩ ሄደ።

በጋው መሃል እትዬ ሎርና ራሳቸው መጡ። በጎቹን ወደ ላይኛው ግጦሽ እየነዱ ነበር፤ መንገዱ በኛ ሜዳ ዳር ነው የሚያልፈው። ፒክአፑን አቁመው ወረዱ። ጠብመንጃው ከኋላ መስኮቱ ላይ ተሰቅሏል።

«ይፍቱት» አሉ።

አባባ ገመዱን ፈቱት። ታከር ትንሽ አሸተተ፣ ትንሽ ተንጎራደደ። ከዚያ አንዲት ግልገል ከመንጋው ተነጥላ ስትሮጥ አየና ተፈተለከ። እትዬ ሎርና እጃቸውን ወደ መኪናው በር ሰደዱ። አባባ አፏጩ።

ውሻው መሮጡን አላቆመም። የአባባ ደረት በአየር ሲሞላ፣ ያ የድሮው ጩኸት አፋቸው ድረስ ሲመጣ አየሁ። ዋጡት። እጃቸውን ቋንጣው ላይ አድርገው ዝም ብለው ቆሙ። 

ታከር እንደ ጅራፍ ተጠማዘዘ። በዚያው ፍጥነት ተመልሶ መጣና ጫማቸው ላይ ተቀመጠ፣ ጆሮው ቀጥ ብሎ፣ ዓይኑ ፊታቸው ላይ። አባባ የታመመ ጉልበታቸውን አጥፈው ተንበረከኩ፤ የያዙትን ሁሉ አጎረሱት። 

«እንደገና» አሉ እትዬ ሎርና።

እንደገና አደረገው። ሴትየዋ በጎቻቸውን አዩ፣ ውሻውን አዩ።

«መንታዎቼን አልረሳሁም» አሉ። «ግን ከዛሬ ጀምሮ በሱ ምክንያት ጠብመንጃ ይዤ አልዞርም።»

ይኸው አሁን ታከር ከአባባ ጋር ያለ ገመድ ይውላል። አጥር ሲጠግኑ አጠገባቸው ነው፣ መንገድ ላይ መኪና ሲመጣ በፉጨት ይመለሳል፣ ተናካሽ እባብ ያዩ ዕለት በፉጨት ተርፏል። እትዬ ሎርና እንቅልፋቸውን ይተኛሉ። አባባ መጮህ ስለተዉ ደም ግፊታቸው እንኳ ወርዷል፤ ሐኪሙ በመድኃኒቱ ነው ይላል፣ ይበል። እነዚያ ገመድ ነውር ነው የሚሉት ሰዎች ደግሞ ይስሙኝ፤ ውሻ ያለ ገመድ የሚኖረው በገመድ ተምሮ ነው። ያልተማረው ውሻ ነፃ አይደለም፣ ቀኑን የሚጠብቅ ነው።

የኔ ንዴት ግን አልወጣልኝም። በዚህ መንገድ ዳር ስንት ጎተራ ኋላ ስንት ውሻ እንደተቀበረ አስባለሁ፤ ሁሉም ሲጠሩ እምቢ ያሉ ይባላሉ። ስለዚህ ውሻችሁ ተጠርቶ ካልመጣ ጠብመንጃውንም ጎማውንም ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ነገር ራሳችሁን ጠይቁ፤ ባለፈው የመጣ ጊዜ ምን ጠበቀው?