የግራው ቋሚ

እንደምን ዋልክ ወንድም ዓለም? ... ኧረ ይሄ ዝናብ ጨረሰን እኮ! ከስፌት ቤቴ ወጥቼ ይቺን መንገድ እስክሻገር በሰበስኩ። ለፀጉር ቤትህ ያዘዝካቸው ጨርቆች ግን ጠብ አላለባቸውም፤ በላስቲክ ጠቅልዬ በብብቴ ይዣቸው ነው የመጣሁት። እስቲ አንዱን ዘርጋው። አንገታቸውን ሰፋ አድርጌልሃለሁ። አሮጌዎቹ ደንበኞቼን እያነቁ አስቸገሩኝ ብለህ የለ? ምን ይደረግ፣ ዘንድሮ የሰው አንገት ወፍሯል... ጥጋቡ ነው መሰለኝ።

ኧረ ሥራህን አትተው! ደንበኛህን ጨርስ። እኔ ዝናቡ እስኪያባራ እዚህ አግዳሚው ላይ አረፍ እላለሁ። ሰውዬህ ተኝቷል እንዴ? ... ተኝቷል። ፊቱን በትኩስ ፎጣ ሸፍነኸው ማን ይሁን ማን የት አውቄው? ማወቅም አልፈልግ። ሰው እፎይ ብሎ ሊላጭ በተቀመጠበት ማን ነህ ይባላል? በር ላይ ግን አንዲት ቀይ መኪና ቆማ አየሁ። ጎኗ ላይ በትልልቁ "አመለጠኝ!" ተብሎ ተጽፎባታል። የማን ትሆን ብዬ ዝም ብዬ አለፍኩ።

ነገርን ነገር ያነሳዋል፤ እነዚያን ቪዲዮዎች ታያለህ አይደል? ... ምን ያስቅሃል? አይተሃላ! የማያይ ማን አለ? ጋሽ አመለጠኝ! አንዴ ሯጭ ሆነው ወደ ኋላ ይሮጣሉ። አንዴ ቦክሰኛ ሆነው ዳኛውን ይዘርራሉ። ባለፈው ደግሞ ዋናተኛ ሆነው፣ ውሃው ከጉልበት የማያልፍ ገንዳ ውስጥ "አድኑኝ! አድኑኝ!" ሲሉ አላየህም? ሰው ግን ከሁሉም የወደደላቸው በረኝነታቸውን ነው። ኳሷ ቀስ እያለች ትመጣለች፣ በእግራቸው መሃል ሾልካ ትገባለች፣ እሳቸው ወደ ሰማይ አንጋጠው "አመለጠኝ!" ይላሉ... አለቀ፣ አገር በሳቅ ይፈርሳል። ኮሜዲያኑን አንቱ ማለቴ አይግረምህ። እንደ እሳቸው ያለውን ሰው አንተ ብለው አፌን ያሳክከኛል።

የኔ ሰውዬ መጀመሪያ ያየ ቀን እንዴት እንደሳቀ ብታይ! አዎ፣ ባለቤቴ፣ የሠፈራችን ክለብ በረኛ የነበረው። እንባው እስኪወርድ ነው የሳቀው። "ይሄ ልጅ ተሰጥኦ አለው፣ እኔ እኮ ያኔም ብዬ ነበር" አለኝ። ደጋግሞ አየው። ሦስተኛው ላይ ይሁን አራተኛው ላይ እንጃ፣ ሳቁ ቀስ እያለ ቀነሰ። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እጁን ሊታጠብ ተነሳ። እጁ ንጹህ ነበር።

ምን መሰለህ... ሰውየው ጠንቃቃ ናቸው! ምንም አይስቱም እኮ። የኔ ሰውዬ ምት ሊመታበት ሲል የግቡን ቋሚ በመዳፉ መታ መታ ያደርግ የለ? እሳቸውም መታ መታ ያደርጋሉ፤ እንዲያውም "አለህ ወይ ወንድሜ?" ብለው ቋሚውን ይጠይቁታል። የኔ ሰውዬ አንገቱን እንደ ዶሮ ጠምዘዝ አድርጎ ኳሷን ያይ የለ? እሳቸው ደግሞ ጠምዝዘው ጠምዝዘው በመጨረሻ ይወድቃሉ። ጓንቱን ብብቱ ሥር ያሞቅ የለ? እሳቸው ብብታቸው ውስጥ ረስተውት ይገባሉ። ወይ መመሳሰል! እናቱ እንኳ እንዲህ አስመስላ አልወለደችውም።

ከየት አመጡት ትለኛለህ። ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ያውቃላ! እዚሁ ክለብ ውስጥ ተቀያሪ ነበሩ እኮ፣ አታስታውስም? ያን የተቀያሪ ወንበር እሳቸው ያሞቁትን ያህል ያሞቀው የለም። አሰልጣኙ ለምን አንድ ቀን እንኳ እንደማያስገባቸው ያኔ አይገባኝም ነበር። ለካ ለጥበብ እየቆጠባቸው ነው።

አንዲት ነገር ብቻ ስተዋል። እሳቸው ሁልጊዜ የሚነኩት የቀኙን ቋሚ ነው። የኔ ሰውዬ ግን አንድም ቀን የቀኙን ነክቶ አያውቅም፤ የግራውን ነው። ያው መስታወት ፊት ሲለማመዱ ተገለበጠባቸው ይሆናል። ሌላ ሰው ቢሳሳት አይገርመኝም ነበር። እሳቸው ግን... ግራው መሆኑን ከእሳቸው በላይ ማን ሊያውቅ? ... ኧረ ፎጣው ተንቀሳቀሰ! ቀዝቅዞበት ነው መሰለኝ፣ አንሳለትና አረፋውን ቀባው። አፉንም ጥሩ አድርገህ ሸፍነው፣ ብርድ እንዳይገባው።

አታውቅም ነበር አይደል? የኔ ሰውዬ በግራ ዓይኑ አያይም። ማን ያውቃል ብለህ ነው! ቋሚውን የሚዳብሰው ግቡ የት ላይ እንደሚያልቅ ለማወቅ ነበር። አንገቱን የሚጠመዝዘውም በግራ የምትመጣውን ኳስ በቀኝ ዓይኑ ለማየት ነው። ክለቡ ቢሰማ ስለሚያሰናብተው ዋጥ አድርጎ ያዛት። በአንድ ዓይን እየጠበቀ ባለ ሁለት ዓይኖቹን አጥቂዎች ስንቴ ባዶ እጃቸውን ሸኛቸው! አንተም እኮ አጥር ላይ ተንጠልጥለህ ትጮህለት ነበር።

ዓይኑን ምን አገኘው? ... ጨዋታ ነው ያገኘው። ልምምድ ላይ ፊሽካ ተነፍቷል፣ እሱ ኳሷን ደረቱ ላይ አቅፎ መሬት ተኝቷል። ከዚያ አንድ ጨዋታ አዋቂ ተቀያሪ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ጓደኞቻቸውን ሊያስቁ ነው እንጂ ክፋት የለባቸውም፣ ሙት! ፍጹም ቅጣት ምት የሚመቱ መስለው ተንደረደሩ... የተኛ ሰው ላይ። ሊያስመስሉ ነበር፣ ነገር ግን ሳሩ እርጥብ ነው፣ የቆሙበት እግር ከዳቸው፤ የመቺው እግር ግን ዓይኑን አልሳተም። እና ሁሉም ሳቀ አሉ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሳቀ። እንግዲህ የመጀመሪያ ሥራቸው ያ ነበር፤ የሚቀርጻቸው ሰው አጡ እንጂ።

ሰው ይሄን ቢሰማ ዓይን አውጣ ሊላቸው ይችላል። እኔ ግን እከራከርላቸዋለሁ። መቼ አወጡት? ቦታው ላይ አለ... ሥራ ፈቶ ተቀምጧል እንጂ።

የኔ ሰውዬ ደግሞ ሐኪሙ ምን ነካህ ሲለው "ከቋሚው ጋር ተጋጨሁ" አለ። አሰልጣኙ ሲጠይቀው፣ ቋሚው። እኔ ሚስቱ ስጠይቀው፣ ቋሚው! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላሉ፤ የኔው ሞኝ አህያውን ሸሽጎ ዳውላውን ከሰሰ። ልጁ ከክለብ ይባረራል፣ እናቱ ደግሞ ከሱ ሌላ ጧሪ የላትም ብሎ። እኔስ እንዴት አወቅሁ? አጥፊው ራሳቸው ቤቴ መጥተው ሶፋዬ ላይ ሲንሰቀሰቁ ሰምቼ ነዋ! ያኔ ገና አንተ ነበሩ። ትከሻቸውን እያሻሸሁ "አይዞህ ልጄ" ያልኩት እኔው ነኝ። "ጋሼ፣ ይሄን ውለታህን አልረሳም፤ አንድ ቀን ስምህን በአገር አስጠራዋለሁ" ብለው ጉልበቱ ላይ ወደቁ።

እና ቃላቸውን አልበሉም! አስጠሩት። ላደረገልህ አድርግለት፣ ባይሆንልህ ንገርለት ይባል የለ? ማድረጉ ባይሆንላቸው ነገሩለት... ስልክ ላለው ሁሉ ነገሩለት። ወርቅ ላበደረ ጠጠር የሚመልስም አለ እኮ። እሳቸው ጠጠር አልመለሱም፣ ሳቅ ነው የመለሱት። ሳቅ ደግሞ ዕድሜ ይጨምራል ይላሉ።

ሰሞኑን ለምን ጠፋ ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ፀጉሩን እኔ ነኝ በስፌት መቀሴ የከረከምኩት፣ አንድ ጎኑ አጥሮ አንድ ጎኑ ረዝሟል፣ ብታየው ታዝንልኛለህ። እዚህ አይመጣማ! ገና በሩን ሲከፍት ተራ የሚጠብቀው ሁሉ "ጋሽ አመለጠኝ መጡ!" ይለዋል። ባለፈው ዳቦ ሊገዛ ወጣ። ሻጩ ለጨዋታ ብሎ "ያዝ!" ብሎ ወረወረለት... በግራ በኩል። ዳቦው ወደቀ። ሰልፈኛው በአንድ አፍ "አመለጠኝ!" አለ። የኔ ሰውዬ አብሯቸው ፈገግ ብሎ፣ ዳቦውን ከጭቃ አንስቶ፣ በሸሚዙ ጠርጎ ወደ ቤት ገባ። ምን ሆነ ስለው ምንም አለኝ። ቁጭ ብዬ ነው ያለቀስኩት ወንድሜ። ዳቦውን ቆርጬ ልበላ ስል ጥርሴ ላይ አሸዋ ሲንኮሻኮሽ ተሰማኝ።

ቆይ ቆይ፣ ወደ እኔ አትዙር! ምላጭ ይዘሃል እኮ፣ ያለኸውም አንገት ላይ ነው። ቀልድ የሰው አካል እንደሚያጎድል አሁን አይደል የነገርኩህ? ደንበኛህም እግሩን አያወዛውዝ። እንዴት ያለ ነጭ ጫማ ነው በል... ከተቀያሪ ወንበር የተነሳ ሰው ጫማ ይመስላል፣ ጭቃ አያውቀውም።

ይሄን ሁሉ የማወራህ ወሬ ወድጄ አይደለም። ነገ ከሰዓት የክለቡ ኮሚቴ ይሰበሰባል። ለታዳጊዎቹ የበረኞች አሰልጣኝ ሊመርጡ ነው። የኔ ሰውዬ ጓንት ከሰቀለ ወዲህ የተመኛት ሥራ ያቺ ብቻ ናት፤ መኝታ ቤት ውስጥ እኔን ሳይቀር ትራስ እየወረወረልኝ አሠልጥኖኛል። ባለፈው ስብሰባ ስሙ ሲነሳ ግን ሰብሳቢው "ጋሽ አመለጠኝን? ልጆቹን ማስመለጥ ሊያስተምርልን ነው?" ብለው ቤቱ በሳቅ አውካካ አሉ። አንድ ሁለት አባቶችም ልጃችንን ለመሳቂያ አንሰጥም ብለዋል። ይሄን የሰማ ዕለት ጓንቶቹን ጠቅልሎ አልጋ ሥር ከተታቸው። የነገው ስብሰባ ላይም አልገኝም አለ።

እንግዲህ ኮሚቴውን ማን ያስረዳው? እኔ ብናገር ሚስቱ ናት፣ ታድላለች ይሉኛል። እሱ ራሱ ቢናገር ሊያስቀን ነው ብለው ወንበራቸውን ያመቻቻሉ። አንድ የታወቁ ሰው ገብተው "ጎበዝ፣ ጋሽ አመለጠኝ እኔ ነኝ እንጂ እሱ አይደለም፤ እሱማ ያስቀራት የነበረችውን ኳስ እኔ ነኝ በእግሬ መሃል የማሳልፋት" ቢሉ... አይ፣ ይሄ ደግሞ አያስቅም። የማያስቅ ነገር እንዴት ይናገራሉ? ሥራቸው አይደለም። እኔም ማንንም አልለመንኩም። የስብሰባው አዳራሽ ከጫማ መደብሩ በላይ ነው፣ በሩም አይቆለፍም ነው ያልኩት። ከፊት ለፊቱ ሰፊ ማቆሚያ አለ፣ ቀይ መኪና አይደለም የጭነት መኪና ይይዛል።

ባሌ ይሄን ብታወሪ ብሎ አስምሎኛል። "ተዪው፣ ልጅ ነው፣ መተዳደሪያው ነው፣ ለሰው እንዳትናገሪ!" አለኝ። ዛሬም ያው ነው እኮ፣ ዛሬም የሚያዝነው ለእሳቸው ነው! መሐላዬን ግን አላፈረስኩም። አንተ ወንድሜ ነህ፣ ከቤተሰብ ትቆጠራለህ። ሌላው ሲጀመር ፎጣ ነበር፣ አሁን ደግሞ አረፋ ነው። ለአረፋ ያወራ ሰው በየትኛው አገር ነው መሐላ አፈረሰ የሚባለው?

በል ዝናቡም አባራ መሰለኝ። ጨርቆቹን ከመጠቀምህ በፊት አንዴ በቀዝቃዛ ውሃ ንከራቸው፣ አለዚያ ይሰበሰባሉ። ... ምነው ፊትህ ጠቆረ? እኔ እኮ እየረገምኩ አይደለም። እናቴ በሰው ልጅ ላይ እርግማን ከአፍሽ አይውጣ ብላ ነው ያሳደገችኝ። ለእኚያ ኮሜዲያን ያለኝ ምርቃት ብቻ ነው። አንተ አሜን በልልኝ፣ አፉ ነጻ የሆነው አንተ ብቻ ነህ።

ዕድሜ ይስጣቸው! ... ሳቃቸው አይንጠፍ፣ ቤታቸው አይጉደል። ስማቸው እንዳስጠሩት ስም ይጠራላቸው። ሸምግለው፣ ከዘራ ይዘው፣ የልጅ ልጅ ከቧቸው ለማየት ያብቃቸው። ከዚያ አንድ ቀን ጉልበታቸው ከድቷቸው፣ ዓይናቸው ፈዞ ደረጃ ስተው ሲወድቁ... ፈጣሪ ልክ እንደ ራሳቸው ያለ ጨዋታ አዋቂ ወዳጅ ከጎናቸው አያሳጣቸው!