ቱርቦው አይነቀልም

የሃያብለ ሰፈሩ መካኒክ ዋይስ፣ ሽንኩርት የማመላልስባትን አሮጌ ስቴሽን ዋገኔን ኮፈኗን ከፍቶ አየና፣ «የቱርቦው የጎማ ቱቦ ተቀዷል፤ ይሄ ዕቃ ደግሞ ጅቡቲ ውስጥ የለም። ቱርቦው ይነቀል» አለኝ። «አይነቀልም! ያለሱ ጭነት ይዛ ዳገቱን አትወጣም» አልኩት። «እንግዲያው ጫቱ እስኪመጣ ጠብቂ፤ ሳልቅም እጄ አይሠራም» ብሎ ጥላ ስር ጋደም አለ። ደሜ ፈላ። የወተት ጣሳ በመቀስ ቆርጬ ቅዳዱን ጠቀለልኩበት፤ በላዩ አሮጌ ከመነዳሪ ደርቤ በሽቦ ጠፍሬ አሰርኩት። «ሃበሻዋ፣ ይሄ እኮ መኪና ነው፣ ድስት አይደለም!» እያለ ሳቀብኝ።

ልሞክራት ቁልቁል ወርጄ ስመለስ፣ ዳገቱ ወገብ ላይ የጫቱ ፒካፕ ቆሞ ይጨሳል። ሾፌሩ እጁን እያውለበለበ አስቆመኝና ጆንያዎቹን በሙሉ መኪናዬ ላይ ጫነ። ቱርቦዋ እያፏጨ ዳገቱን ወጣችው! ሃያብለ ስደርስ ሰፈሩ ሁሉ ጫት ይጠብቃል፤ ከሁሉም ቀድሞ እየሮጠ የመጣው ዋይስ ነው። የኋላውን በር በጀርባዬ ደግፌ፣ «ቆይ! መጀመሪያ ንገረኝ፤ ቱርቦው ይነቀል?» አልኩት።

በመስታወቱ ጆንያዎቹን አየና ምራቁን ዋጠ። «እኅቴ፣ ማነው ደግሞ ይነቀል ያለሽ?»